ኩንታሉ ስንት ጊዜ ይነሣል?

የጭነት ሒሳብ ስሠራ ከኪሎ ሜትሩ በፊት የምጠይቀው ኩንታሉ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ነው። ማዳበሪያ ከጅቡቲ ፎገራ እስኪደርስ ከመርከብ ይወርዳል፣ ተሳቢ ላይ ይጫናል፣ መጋዘን ይገባል፣ እንደገና ኢሱዙ ላይ ይወጣል፤ በመጨረሻ አህያ ወይም ጋሪ ይቀበለዋል። በየማረፊያው የጫኝና አውራጅ ክፍያ አለ፤ የተቀደደ ከረጢት፣ ዝናብ የመታው ከረጢት አለ። ሾፌሩ የዓባይን በረሃ ወርዶ ሲወጣ የሚያቃጥለው ነዳጅ ለሁሉም ይታያል። የመጫኑና የማውረዱ ወጪ ግን በየቦታው ተበትኖ ስለሚቀር የሚደምረው የለም። የእኔ ሙያ እሱን መደመር ነው።

ስለ ባቡር ሲወራም ጆሮዬን የሚስበው ይኸው ነው። የጅቡቲው ሐዲድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ሲጀመር ሐረር ሊወጣ ታስቦ ነበር። ዳገቱ ወጪ ስላበዛ በ1902 ሜዳው ላይ ቀረ፤ ድሬዳዋም በዚያው ተቆረቆረች። የሐረር ዕቃ እንግዲህ በእንስሳት ጀርባ ቁልቁል እየወረደ ባቡሩን ይጠብቅ ነበር። ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ስለመግባቱ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያ ቁልቁለት ነው።

አሜሪካኖች ችግሩን በሌላ መንገድ ፈቱት። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የስታገርስ ሕግ ትላልቆቹን የባቡር ኩባንያዎች ከጠበቀ ቁጥጥር ሲያላቅቅ፣ የማያዋጧቸውን ቅርንጫፍ መስመሮች እየሸጡና እያከራዩ ወጡ። ዛሬ 600 ያህል ትናንሽ ኩባንያዎች ከአገሪቱ ሐዲድ ወደ 30 በመቶ የሚሆነውን ይዘዋል። የአንዳንዶቹ ሐዲድ ከባሕር ዳር ወረታ እንኳ አያደርስም። ነገር ግን ፉርጎው እህል ጎተራው ሥር ቆሞ ይሞላና ዋናው መስመር ላይ ይቀጠላል፤ በመካከል እህሉን የሚነካው የለም።

ይህን ጣና ላይም አይቸዋለሁ። ከዘጌ ማገዶ የጫነ ደንገል ታንኳ ከጫካው ጥግ ተነሥቶ የባሕር ዳር ገበያ አጠገብ ይጠጋል። ደንገል ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ታንኳው ጭነቱን ካራገፈ በኋላ ዳርቻው ላይ ቆሞ ይደርቃል። ቀዛፊው ያንን አስልቶ ነው የሚጭን። አንድ ጊዜ ይጭናል፣ አንድ ጊዜ ያወርዳል።

አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ ሥራ ጀምሯል፤ አንድ ባቡር ከ100 በላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይስባል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ሐዲዱ ፋብሪካ ግቢ በማይገባበት ቦታ ሁሉ ኮንቴይነሩ ወርዶ መኪና ይጠብቃል። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ስለሆነም ፉርጎ ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም።

ወደ እኛ ቀረብ ያለው ከአዋሽ በኮምቦልቻ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መስመር ነው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀመረ፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ችግርና ጦርነት ተደራርበውበት ለዓመታት ያለ ጭነት ቆሟል። በጣም ይቆጨኛል። ወልድያ ለሐራ ገበያ ቅርብ ናት፤ ከዚያ በጋሸናና በደብረ ታቦር ወረታ የሚወርደው የቻይና መንገድ አለ። ወረታ ላይ ደግሞ ደረቅ ወደብ አለ። በምድር ባቡር ዕቅድም ከፍኖተ ሰላም በባሕር ዳርና በወረታ አድርጎ ወልድያ የሚደርስ መስመር ተሠምሮ ነበር።

ያ ዕቅድ ሲነሣ መጀመሪያ የምፈልገው ጣቢያው ከደረቅ ወደቡ አጥር ውስጥ ይሁን ውጭ መሆኑን ማወቅ ነው። ውጭ ከሆነ አንድ መጫን፣ አንድ ማውረድ ተጨመረ። ቀጥሎ የመልስ ጭነት አለ፤ ማዳበሪያው ከክረምት በፊት ይገባል፣ የፎገራ ሩዝ የሚታጨደው ከኅዳር ወዲህ ነው። በመካከሉ ያሉትን ወራት ፉርጎው ምን ጭኖ ይመለሳል? ሐዲዱ ከመነጠፉ በፊት መሐንዲሱ፣ ነጋዴውና የገበሬው ማኅበር አንድ ላይ ተቀምጠው ይህን ቢያሰሉት እወዳለሁ።