ሁለት ረጃጅሞች በአንድ ሜዳ

ለትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ቡድን ቁመተ ረጅም ልጅ ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው። ሁለት ሲገኙ ግን ክርክር ይጀመራል። እዚህ ሉማሜ ቡድን የማሠለጥን የስፖርት መምህር ነኝ፤ ከብቸናና ከሞጣ ከሚመጡ ባልደረቦቼ ጋር ስንገናኝ ከሻዩ ቀድሞ የሚመጣው ይኸው ጥያቄ ነው። ሁለቱን አብሬ ላሰልፍ ወይስ አንዱን ተቀያሪ ላድርግ? ግማሹ «ቁመት በሥልጠና አይመጣም፣ ካገኘህ ሁለቱንም አስገባ» ይላል። ሌላው «አንዱ የሌላውን ቦታ ይዘጋል፣ ኳስ ሲነጠቅም ቶሎ አይመለሱም» ብሎ ይሟገታል።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ሁለት ረጃጅሞች አብረው ይጫወታሉ፤ ነገር ግን ቢያንስ አንደኛው ከቅርጫቱ ርቆ የሚሠራው ሥራ ሊኖረው ይገባል። ይህን ሥራ ካላወቀ ጥፋቱ የቁመቱ ሳይሆን የእኛ የአሠልጣኞቹ ነው።

በታላላቆቹ መድረኮች ጥያቄው ተደጋግሞ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1986 ሂዩስተን ሮኬትስ 2.24 ሜትር የሚረዝመውን ራልፍ ሳምፕሰንንና ናይጄሪያዊውን ሀኪም ኦላጁዋንን አጣምሮ ሎስ አንጀለስ ሌከርስን 4 ለ 1 አሸንፎ ለኤንቢኤ ፍጻሜ ደረሰ፤ እዚያ በቦስተን ተሸነፈ። ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ደግሞ በዴቪድ ሮቢንሰንና በቲም ደንከን ጥምረት በ1999 እና በ2003 ዋንጫ ወሰደ። የእነዚህ ጥንዶች ምሥጢር ቁመት ብቻ አልነበረም። ሳምፕሰን ያን ሁሉ ቁመት ይዞ ፊቱን ወደ ቅርጫቱ አዙሮ ከርቀት ይወረውር ነበር። ደንከንም ከጎን ሆኖ ኳሷን ከቦርዱ አንጥሮ በማስገባት የታወቀ ነው። አንዱ ቅርጫቱ ሥር ሲሠራ ሌላው የሚቆምበት ቦታ ነበረው።

ከዚያ የሦስት ነጥብ ሒሳብ መጣ። ከ100 የሩቅ ውርወራ 35ቱ ቢገቡ 105 ነጥብ ነው፤ ከ100 የቅርብ ውርወራ 50 ቢገቡ 100 ነጥብ። ሒሳቡ ሲገባቸው ቡድኖች አንዱን ረጅም እያወጡ በወርዋሪ ተኩት። በ2015 የኤንቢኤ ፍጻሜ ጎልደን ስቴት 2 ለ 1 ወደ ኋላ ቀርቶ ሳለ፣ አሠልጣኙ ስቲቭ ከር ሴንተሩን አንድሩ ቦጉትን ከመጀመሪያው አሰላለፍ አውጥቶ አንድሬ ኢጉዋዳላን አስገባ። ቡድኑ ተከታታይ ሦስት ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን በላ። ከዚያ ወዲህ «የሁለት ረጃጅሞች ዘመን አበቃ» የሚለው ወሬ እኛም ዘንድ ደረሰ።

አላበቃም። በ2025 ሻምፒዮን የሆነው ኦክላሆማ ሲቲ ቼት ሆልምግረንንና አይዛያ ሃርተንስታይንን አብሮ የሚያሰልፍ ቡድን ነው። በፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ሃርተንስታይንን ተቀያሪ አድርጎ ጀመረ፤ ተሸነፈም። በአራተኛው ጨዋታ ወደ መጀመሪያው አሰላለፍ መለሰው። ያው ቡድን በዚያው ተከታታይ ጨዋታ ሁለቱንም መልስ ተጠቀመ ማለት ነው። ሆልምግረን 2.16 ሜትር ቢረዝምም ከሦስት ነጥብ መስመር ይወረውራል፤ ሃርተንስታይን ደግሞ ከቅርጫቱ ፊት ካለው ሳጥን አናት ላይ ሆኖ ኳስ ያቀብላል። ጉዳዩ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ይመለሳል።

አሁን ወደ እኛ ሜዳ እንምጣ። እኛ የምንጫወተው ጣራ በሌለው የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ቀለበቱ ድርቅ ያለ ነው፣ ኳሱም ብዙ ጊዜ ቆዳው አልቆ ያንሸራትታል። ከ6.75 ሜትር መስመር ከ100 ውርወራ 20 ቢገባ 60 ነጥብ ብቻ ነው። እንግዲህ ረጃጅሞችን ከሜዳ ያስወጣው የአሜሪካኖቹ ሒሳብ እኛ ዘንድ አይሠራም። እንዲያውም ከደረቁ ቀለበት ነጥራ የምትመለስ ኳስ ስለምትበዛ ሪባውንድ የሚይዝ ሁለተኛ ረጅም እጅ ዋጋው ከፍ ይላል።

ነገር ግን ሌላ መዘዝ አለው። ከሩቅ እንደማናስገባ የሚያውቅ ተጋጣሚ 2-3 ዞን ሠርቶ አምስቱንም ሰው ወደ ቅርጫቱ ይሰበስባል። ሳጥኑ 4.90 ሜትር ስፋትና 5.80 ሜትር ርዝመት አለው። ሁለቱም ረጃጅሞቻችን እዚያ ውስጥ እጃቸውን ዘርግተው «ስጠኝ» ካሉ፣ አንድ ተከላካይ ሁለቱን ይጠብቃል፣ ዳኛውም የሦስት ሰከንድ ሕግ ይነፋል። ሁለቱ ረጃጅሞች አንዱ የሌላውን ቦታ የሚዘጋው ያኔ ነው።

መፍትሔው ከፍ እና ዝቅ የምንለው አቋቋም ነው። አንዱ ረጅም ከቅጣት ውርወራው መስመር ላይ፣ በዞኑ ልብ ውስጥ ይቆማል። ሌላው ከዞኑ ጀርባ፣ ከመጨረሻው መስመር አጠገብ ይጠብቃል። ጋርዱ ኳሷን ለላይኛው ያቀብላል። ላይኛው እንደተቀበለ ዞሮ ቅርጫቱን ማየት አለበት፤ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት ጀርባቸውን ሰጥተው ኳሷን መልሰው ለጋርዱ ስለሚሰጡ ነው። ከዞረ በኋላ መሐለኛው ተከላካይ ወደ እሱ ከወጣ ከኋላ ያለው ጓደኛው ነፃ ነው፣ ከጭንቅላት በላይ ያቀብለዋል። ተከላካዩ ካልወጣ ከዚያው ይወረውራል። ከዚያ ቦታ ቦርዱ 4.60 ሜትር ብቻ ይርቃል፤ ነፋስ እምብዛም አይጥለውም፣ በማንኛውም ልጅ አቅም የሚለመድ ውርወራም ነው። አጭሩ ጋርድ ከጎን አሾልኮ ለማስገባት የሚቸገረውን ፓስ፣ ረጅሙ ከረጅሙ በቀላሉ ይቀበለዋል። የሁለት ቁመት ትርፍ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የመከላከሉ ነገር የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሰው በሰው አያያዝ ሁለተኛው ረጅም ከፈጣን ልጅ ጋር ከተገናኘ ይታለላል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ዞን እመርጣለሁ፤ አንዱን ከቅርጫቱ ፊት፣ ሌላውን ከታች ካሉት ሁለት ማዕዘኖች በአንዱ አደርገዋለሁ። ለመመለሱ ደግሞ አንድ ቋሚ ትእዛዝ አለ። እኛ ስንወረውር ለቅርጫቱ የቀረበው ረጅም ብቻ ለሪባውንድ ይዘላል፤ ከላይ ያለው ኳሷ ገና በአየር ላይ ሳለች ወደ ኋላ መሮጥ ይጀምራል። ሁለቱም ለሪባውንድ ከዘለሉና ኳሷ ካመለጠች ተጋጣሚው ባዶ ሜዳ ያገኛል። እኛ ያለንበት ደጋ ደግሞ ከ2000 ሜትር በላይ ነው፤ ቆላ የለመደ ሳንባም ሆነ ከባድ አካል ያለው ልጅ ደጋግሞ ሲመላለስ አቅሙ ያልቃል።

ለዚህ ነው አርባውን ደቂቃ ሙሉ አብሬ የማላጫውታቸው። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። በእኛ ጨዋታ ባላ የሚሰብረው ፋውል ነው። አምስተኛ ፋውል የሠራ ተጫዋች ተመልሶ አይገባም። ሁለቱም በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ሁለት ሁለት ፋውል ከሠሩ፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱም እጃቸውን ሰብስበው ይጫወታሉ፤ ሁለት ረጅም እያለን አንድም የለንም ማለት ነው። ስለዚህ ጨዋታውን አብረው ይከፍታሉ፣ በመሐሉ በየተራ አንድ አንድ ሆነው ይሠራሉ፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች እንደገና ይገናኛሉ። ተጋጣሚው አምስት ፈጣን ልጆች አስገብቶ መሮጥ ከጀመረ ግን ልክ እንደ ስቲቭ ከር አንዱን አወጣለሁ። ያኔ «መምህር፣ ምን አጠፋሁ?» የሚል ልጅ አይጠፋም። ምንም እንዳላጠፋ፣ ጨዋታው እንደተለወጠ አስቀድሞ በልምምድ ላይ ሊነገረው ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ረጅም ልጆችን የምናሠለጥንበት መንገድ ነው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ከጓደኞቹ በአንድ ራስ ሲበልጥ «አንተ ቅርጫቱ ሥር ቁም፣ ኳስ አታንጥር» እንለዋለን። ጓደኞቹ ድሪብል፣ ፓስና ውርወራ ሲማሩ እሱ እጁን ዘርግቶ መቆም ብቻ ይማራል። ሁለተኛ ረጅም ልጅ ሲመጣም ያንኑ እንነግረዋለን። ከዚያ ሁለቱ አብረው አይጫወቱም ብለን እንፈርዳለን።

ከላይ የጠቀስኳቸው ታላላቆች ግን እንዲህ አላደጉም። ዴቪድ ሮቢንሰን የባሕር ኃይል አካዳሚ ሲገባ 2 ሜትር ገደማ ነበር፤ 2.16 የደረሰው እዚያ እያለ ነው። አጭር ሳለ የሚሮጥበትን እግር ከረዘመም በኋላ ይዞት ቀጠለ። ኦላጁዋን በሌጎስ እግር ኳስና እጅ ኳስ ሲጫወት አድጎ በአሥራዎቹ ዕድሜው ነው ቅርጫት ኳስ የያዘው፤ ያ የሚደነቅለት የእግር ቅልጥፍና ከእነዚያ ጨዋታዎች እንደመጣ ይነገራል። የእኛ ልጆች ደግሞ እግር ኳስ ሳይጫወቱ የሚያድሩ አይደሉም። ረጅሙን ልጅ ከእግር ኳስ ሜዳ አንከልክለው፤ እግሩን እዚያ ያሠልጥን።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ረጅሙን ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ከአጫጭሮቹ ጋር እኩል ኳስ ያንጥር። በየልምምዱ ከቅጣት ውርወራው መስመር ዞሮ መወርወርንና ከጭንቅላት በላይ ማቀበልን ይማር። ይህን የሚችል አንድ ረጅም ካላችሁ ሁለተኛውን ሳትፈሩ አሰልፉ። የሚችል ከሌላችሁ አንዱን አስቀምጡና ልምምዱን ከነገ ጀምሩ።