ያደረ ሞተር

ሜካኒክ ሲሞገስ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው የእጁ ፍጥነት ነው፤ «በግማሽ ቀን አውርዶ፣ ሠርቶ፣ ገጠመው» ይባላል። እኔ ግን የምመዝነው ገና ኮፈኑ ሳይከፈት ነው። ጠዋት ሲነሳ ቀጭ ቀጭ የሚል መኪና ይዤ ከሰዓት በኋላ ስደርስ «እስቲ አስነሳው፣ ልስማው» ካለኝ ልቤ ይሸሻል። «አሁን አልሰማውም፤ ዛሬ እዚህ ይደር፣ ጠዋት እኔ ሳልደርስ ማንም ቁልፍ እንዳያዞር» ካለኝ በርጩማ ስቤ ቡና አዛለሁ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ደጅ ያደረ ሞተር ውስጥ ብዙ ነገር ቦታውን ለቋል። ዘይቱ ከላይ ከቫልቮቹ አካባቢ ወርዶ ከሥር ተኝቷል። ፒስተኑ አሉሚኒየም ስለሆነ ከተቀመጠበት ሲሊንደር ይበልጥ ተኮማትሯል። የጭስ መውጫው ከቴስታታው ጋር የሚጋጠምበት ቦታ የተሰነጠቀ ወይም ጓርኒሲዮኑ የተበላ ከሆነ ክፍተቱ ሰፍቷል። ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ይወጣል፣ ፒስተኑ ሞቆ ቦታውን ይሞላል፣ ስንጥቁም በሙቀት ይገጥማል። ሦስት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፤ ሦስቱም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ዝም ይላሉ። ለሜካኒኩ አስበው መኪናቸውን ደጃፋቸው ላይ በደንብ አሙቀው የሚያመጡ ደግ ሰዎች አሉ፤ የሚያመጡለት የዳነ በሽተኛ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ የእኔን ያሪስ ድምፅ መጀመሪያ የሰማው ጎረቤቴ ነው። የወሰድኩት ጋራዥ ምርመራውን በአምስት ደቂቃ ጨረሰ፦ «ሃይድሮሊክ ፑንቴሪያው ደርቋል። ዘይቱ ላይ ማጽጃ እንጨምርበት፤ ካልተስተካከለ ቴስታታው ይወርዳል።» የማጽጃውን ከፈልኩ። ድምፁ በማግሥቱ ጠዋት እንደ ልማዱ ጠበቀኝ።

በኋላ እንደተረዳሁት ያ ሞተር፣ ማለትም የቶዮታው 1.5 ሊትር ዋን ኤንዜድ ኤፍኢ፣ ሃይድሮሊክ ፑንቴሪያ የሚባል ነገር የለውም። በካምሻፍቱና በቫልቩ መካከል ያለው እንደ ትንሽ ኩባያ የተደፋ ድፍን ብረት ነው፤ ዘይት ሞልቶት የሚያብጥ፣ ዘይት ጎድሎት የሚደርቅ ክፍል የለበትም። ስለዚህ አሁን አዲስ ጋራዥ ስገባ አንዲት ጥያቄ እንደ ዋዛ ጣል አደርጋለሁ፦ «የዚህ ሞተር ፑንቴሪያ ሃይድሮሊክ ነው ወይስ ድፍን?» መልሱን አለማወቅ ነውር አይደለም። «ቆይ ልየው» የሚል ሰው ያረካኛል። ሳያይ የሚመልሰው ነው የሚያስፈራኝ።

ድፍን በሆነው ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። በዚህ ሞተር ቀዝቅዞ ሲለካ በካሙና በኩባያው መካከል የሚኖረው ክፍተት በአየር ማስገቢያው ቫልቭ ከ0.15 እስከ 0.25፣ በጭስ ማስወጫው ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ሁለት የደብተር ወረቀት፣ ሁለተኛው ሦስት ያህል ማለት ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ይንኳኳል። ታዲያ «አጥብቄ ዝም አሰኝልሃለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። አንደኛ፣ እዚህ ሞተር ላይ በካቻቢቴ የሚጠብቅ ብሎን የለም፤ ለማስተካከል ካምሻፍቱ ወጥቶ ኩባያው በ0.02 ሚሊ ሜትር በሚለያይ ሌላ ውፍረት ይለወጣል። ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ነው፦ ክፍተት ያጣ የጭስ ቫልቭ በደንብ አይከደንም፤ ሙቀቱን የሚያራግፍበት ወንበር ላይ ሳይቀመጥ እየዋለ ጠርዙ ይቃጠላል። ባለቤቱ «እንዴት ጸጥ አለ!» እያለ ሲያደንቅ ቫልቩ እየነደደ ነው። እኔ በበኩሌ ጥቂት ከሚንኳኳና እንደ ሬሳ ጸጥ ካለ ሞተር፣ የሚንኳኳውን እመርጣለሁ።

ያሪሴን በመጨረሻ ያዳኑት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጀመሪያ ያደረጉት መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ ማሳረፍ ነበር፤ የተነሳ እንደሆነ ሊያውቁ። ከዚያ ቁልፉን እኔን አስያዙኝ።

«ልጄ፣ ሳልነግርህ ነዳጅ እንዳትረግጥ። የዘይቷ መብራት ስትጠፋ ደግሞ ጮክ በል።»

ሞተሪኖው ዞረ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ እኔም «ጠፋች» አልኩ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆሙ። ያ ዝምታቸው ነው ዋናው ሙያ። ካምሻፍት የሚዞረው በክራንክሻፍቱ ግማሽ ፍጥነት ስለሆነ፣ የአንድ ቫልቭ ድምፅ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንዴ ነው የሚመታው። የለመደ ጆሮ ይህን ምት እንደ ከበሮ ይለየዋል። ቀጥለው የኢንጀክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ እየነቀሉ መለሱ። ነዳጅ የተከለከለው ሲሊንደር ኃይል ስለማይሰጥ፣ ድምፁ ከፒስተኑ ወይም ከቢዬላው ከሆነ ያን ጊዜ ይቀንሳል፤ ከቫልቭ ከሆነ ግድ የለውም። ብዙዎች ለዚህ ፈተና የካንዴላውን ኮይል ነው የሚነቅሉት። እሳቸው ኢንጀክተሩን የመረጡት ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማጣሪያው እንዳይወርድ ነው። እንዲህ ያለች ጥንቃቄ ሳይ ስለ ቀሪው ሥራ መጠየቅ አቆማለሁ።

ሦስተኛው ሲነቀል ድምፁ ለሰለሰ። እኔ በልቤ ቢዬላ ነው ብዬ ሬሳዬን ላነሳ ነበር። አዛውንቱ ግን በጣት ውፍረት የሆነ የጎማ ቱቦ አንሥተው አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ፣ ሌላውን ጭስ መውጫው ዙሪያ አዞሩት። «እዚህ ጋ ይተነፍሳል» አሉ። በባትሪ ሲያበሩበት ጓርኒሲዮኑ አፍ ላይ ጥቀርሻ ተለቅልቋል። ሲሊንደሩ ውስጥ ምንም ሳይቃጠል ሲቀር የሚሾልከው ጭስ ጉልበት ስለሚያጣ ነው ድምፁ የለሰለሰው፤ አንድ ፈተና ብቻ ይዞ የቸኮለ ሰው እዚህ ጋ ነው ሞተር የሚያወርደው።

ስለ ሌሎቹ ድምፆች ባጭሩ። በተነሳ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰከንዶች ቅርርር ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ካቴናው ነው፤ መወጠሪያው ዘይት እስኪደርሰው ላልቷል፤ አጭር ነው ተብሎ አይናቅም። ዶም ዶም የሚል፣ ባዶ በርሜል የሚመስልና ሲሞቅ የሚጠፋ የፒስተን ድምፅ ለዓመታት አብሮን ሊኖር ይችላል። ጠዋት በወፍራሙ ዘይት ተሸፍኖ ዝም ብሎ ሲሞቅና ዳገት ሲወጣ ኳ ኳ የሚለው ግን የቢዬላ ብሮንዝ ነው፤ ያን ጊዜ በመኪናው ወደ ጋራዥ አይነዳም፣ ይጎተታል።

ዘይትም ራሱ ይመረመራል። 5 ደብሊው 30 የሚጠይቅ ሞተር ላይ «ለሀገራችን ሙቀት» ተብሎ 20 ደብሊው 50 ሲሞላ፣ ጠዋት ላይ እስኪወጣ ይዘገያል። ፊልትሮም እንዲሁ፦ ዘይቱ ተመልሶ እንዳይወርድ የምታግደው ጎማ ከደረቀች ሞተሩ በየጠዋቱ ደርቆ ይነሳል። ሶማሌ ተራ ሄዶ መለዋወጫ ከመግዛት በፊት እነዚህን ሁለቱን የሚጠይቅ ሜካኒክ የደንበኛውን ኪስ ያከበረ ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ የእኛው የደንበኞቹ ጥፋት ነው። ለማዳመጥ አንከፍልም። አንድ ሰዓት ሙሉ አዳምጦ «ምንም የለውም» ላለ ሰው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለን እንሄዳለን፤ ቴስታታ ላወረደው ግን እንቆጥራለን። ታዲያ ማን ነው የሚያዳምጠው? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በመከልከሉ ያለን አሮጌ ሞተር ብዙ መክረም አለበት፤ የጆሮ ዋጋ መተመን ይኖርበታል።

አዛውንቱ ጓርኒሲዮኑን ቀይረው የክፍያውን ግማሽ ብቻ ተቀበሉኝ። «ሦስት ጠዋት አዳምጠው» አሉ። በሦስተኛው ጠዋት እንደ ልብስ ስፌት መኪና ያለች ስስ ድምፅ ሰምቼ ደነገጥኩና ደወልኩላቸው።

«ሲሞቅ ትጠፋለች?»

«ኧረ ያው ናት፣ ጋሼ።»

«ነዳጅ ስትሰጠውስ ትጎላለች?»

«ትፈጥናለች እንጂ አትጎላም።»

«ኢንጀክተሩ ነው፤ ሥራውን ይሥራ ተወው። ቀሪውን ብር ከሰዓት ይዘህ ና።»