የተማሪ ምርምርና ሚዛኑ፦ በ1924ቱ የሽል ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ሽል ዕድገት በሚያወሱ የባዮሎጂ መጻሕፍት ዘወትር ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱ ሐንስ ሽፔማንና ሂልደ ማንጎልድ እ.ኤ.አ. በ1924 ያሳተሙት ጥናት ነው። ይህ ጥናት በመሠረቱ በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ተማሪ ለዶክትሬት ማዕረግ ያከናወነችው ሥራ ነው። ስለሆነም ሊመዘን የሚገባው በውጤቱ ብቻ ሳይሆን እንደ ተማሪ ምርምርም ጭምር ነው።

ሽፔማን እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከአንድ ሽል ላይ ሕዋሳት ወደ ውስጥ መግባት የሚጀምሩበት ጠርዝ ተቆርጦ በሌላ ሽል ላይ ሲተከል ሁለተኛ የአካል ጅምር እንደሚታይ ገልጾ ነበር። ይሁን እንጂ ሰጪውና ተቀባዩ ከአንድ ዝርያ በመሆናቸው፣ አዲሱ አካል ከተተከለው ቁራጭ ይደግ ወይስ ከተቀባዩ ሕዋሳት ይሠራ በውል መለየት አልተቻለም። የ1924ቱ ጥናት ብርታት ይህን ጥርጣሬ ማስወገዱ ነው። ኒውት ከተባለው ጅራታም የእንቁራሪት ዘመድ ሁለት ዝርያዎች ተመርጠው፣ የነጣው ዝርያ ቁራጭ በጥቁረቱ በሚለየው ዝርያ ላይ ተተከለ። የሕዋሳቱ ቀለም ምስክር ሆነ፤ የሁለተኛው ሽል የነርቭ ቱቦ በአብዛኛው ከተቀባዩ ሕዋሳት የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ይኸውም ቁራጩ ራሱ ማደግ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶቹንም እንደሚያደራጅ አስረዳ።

ሥራው የተከናወነው ሁለት ሚሊሜትር ያህል በሆኑ ሽሎች ላይ፣ በመስታወት መርፌና በፀጉር ቀለበት ነው። አንቲባዮቲክ ገና ባልነበረበት በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ሽሎች ይሞቱ ነበር። ጽሑፉ የተረፉትን ጥቂቶች አንድ በአንድ ሲዘረዝር፣ የራሱ ፊተኛ ክፍል የጎደለውን ሽል እንኳ ጉድለቱን ሳይሸሽግ ያቀርባል። ለጀማሪ ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ አርአያ አይገኝም።

ጉድለትም አለበት። «አደራጅ» የሚለው ስያሜ ከማስረጃው ቀድሞ ይሄዳል፤ ድርጊቱ በምን እንደሚከናወን ጽሑፉ አያስረዳም። በ1930ዎቹ ዓመታት የሞተ ሕብረ ሕዋስም ተመሳሳይ ውጤት እንደሚያስገኝ በመታየቱ ችግሩ ተወሳሰበ። ኖጊንና ኮርዲን የተባሉት ፕሮቲኖች የታወቁት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ከሁሉ የከበደው ጉድለት ግን የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። በጽሑፉ ላይ የአማካሪው ስም ቀድሟል። የትምህርት ጓደኛዋ ቪክቶር ሃምበርገር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሌሎች ተማሪዎች ሥራቸውን በየስማቸው ብቻ ማሳተማቸውን በማየቷ ማንጎልድ ማዘኗን አመልክቷል። እርሷ በ1924 በቃጠሎ አደጋ ሞተች፤ ሽፔማን በ1935 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ጥያቄውም ሆነ ዕቅዱ የአማካሪው እንደነበር መካድ አይገባም፤ ያለ ተማሪዋ እጅና ዓይን ግን መልሱ ባልተገኘ ነበር።

 የድኅረ ምረቃ ምርምርን የሚያቅዱና የሚመዝኑ ሁሉ ከዚህ ሊማሩ ይገባል፤ ጥያቄውን ማን እንዳነሣ፣ ሙከራውን ማን እንደሠራና ውጤቱን ማን እንደተረጎመ በእያንዳንዱ ጽሑፍ መግቢያ በግልጽ ሊሰፍር ይገባል።