ሳታመካኝ ብላኝ፤ ስለ ወልወል ትንኮሳ አጭር ትችት

የኢጣልያና የኢትዮጵያ ጦርነት መነሻው ምን ነበር ተብሎ ሲጠየቅ፣ ዘወትር የሚሰጠው መልስ «የወልወል ግጭት» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን መልስ እንመረምራለን። ሐሳባችንን አስቀድመን ለመናገር፣ ወልወል ማመካኛ እንጂ ምክንያት አልነበረም እንላለን፤ ይልቁንም ማመካኛው ለማን እንደ ቀረበ መጠየቅ ይገባል።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በኅዳር ወር 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የወሰን ኮሚሲዮን ከአጃቢዎቹ ጋር በኦጋዴን ወደሚገኙት የወልወል የውሃ ጉድጓዶች ሲደርስ፣ የኢጣልያ ጦር ሰፍሮ አገኘ። ሥፍራው በ1900 ዓ.ም. በተደረገው ውል መሠረት ከኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ ነበረ። ኅዳር 26 ቀን ተኩስ ተከፈተ፤ ከኢትዮጵያ ወገን ፊታውራሪ ዓለማየሁ ጎሹን ጨምሮ ከ100 በላይ ሰው ወደቀ። ኢትዮጵያ በ1920 ዓ.ም. የወዳጅነት ውል መሠረት ጉዳዩ በግልግል ዳኞች እንዲታይ ጠየቀች። ኢጣልያ ግን የሐረር ገዥ ደጃዝማች ገብረ ማርያም ወልወል ድረስ ሄደው ይቅርታ እንዲጠይቁ፣ ለባንዲራዋ ሰላምታ እንዲሰጥና 200,000 ጠገራ ብር ካሣ እንዲከፈላት አለች። በገዛ መሬትህ ላይ ለባዕድ ባንዲራ እጅ ንሣ ማለት፣ እንቢ እንዲባል የቀረበ ጥያቄ ነው።

አህያ ጅብን «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው ይባላል። ተረቱ እውነት አለው፤ ነገር ግን ጅብና አህያ ብቻቸውን ከሆኑ ማመካኛ ለማን ይጠቅማል? ማመካኛ ዋጋ የሚያገኘው የሚሰማ ሦስተኛ ሰው ሲኖር ነው። ይህን በራቤልና በግሼ ያደገ ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል። በርስት ዘመን ወሰን ገፊ ጎረቤት አንድ ትልም አሳልፎ ሲያርስ የሚመኘው ትልሙን ብቻ አይደለም፤ ባለርስቱ ተቈጥቶ ዱላ እንዲያነሣለት ነው። ያን ጊዜ ዳኛው «መሬቱ የማን ነው?» ማለቱን ትቶ «ማን ቀድሞ መታ?» ይላል።

በወልወልም የሆነው ይኸው ነው። የግልግሉ ኮሚሲዮን ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. ሁለቱም ወገኖች ለግጭቱ ተጠያቂ አይደሉም ሲል ፈረደ። ነገር ግን ኢጣልያ አጥብቃ ስለ ተከራከረች፣ ወልወል የማን መሬት ነው የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ ከክርክሩ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። ይህ ጥያቄ ከወጣ በኋላ ገፊውና ባለቤቱ በዳኛው ፊት እኩል መሆናቸው ምን ይደንቃል?

ማስረጃውን የሰጠን ራሱ የጦሩ አዛዥ ነው። ማርሻል ኤሚልዮ ዴ ቦኖ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 ባሳተመው «አኖ 14» በተባለው መጽሐፉ፣ ከ1933 ጀምሮ ከሙሶሊኒ ጋር ስለ ጦርነቱ ይመካከሩ እንደ ነበርና ነገሩ ቢዘገይ እስከ 1936 እንዲፈጸም መታሰቡን ይተርካል። ንጉሡ ካላጠቁን ቀዳሚነቱን እኛ እንወስዳለን የሚል መልእክት ከሮማ እንደ ደረሰውም አይሸሽግም። እንግዲህ ሐሳቡ ከወልወል በፊት ነበረ። ይህን ስንል ግጭቱ ራሱ ሮማ ላይ ተጠንስሷል ማለታችን አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 በሙክደን ሐዲዱን ያፈነዱት የጃፓን መኰንኖች ራሳቸው ነበሩ፤ በ1939 በግላይቪትስ ራዲዮ ጣቢያ ፖላንዳዊ መስለው የገቡትም ጀርመኖች ነበሩ። ወልወል የሚያስተምረን ሌላ ነው፤ ማመካኛ የግድ መፈብረክ የለበትም፣ በሰው መሬት ጦር አስፍሮ መጠበቅ ይበቃል።

«ታዲያ መታገሡ ምን ጠቀመ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ ግጭት እንዳይነሣ ጦሯን ከወሰኑ 30 ኪሎ ሜትር አሸሸች፤ የሆነ ሆኖ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የዴ ቦኖ ጦር መረብን ተሻገረ። ነገር ግን በዚያ ቀን «ማን ቀድሞ መታ?» ብሎ የሚጠይቅ አልተገኘም። የመንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት በአራተኛው ቀን ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን አፍርሳ ጦርነት እንዳነሣች ወሰነ፤ በጉባኤውም 50 መንግሥታት ተስማሙ። ትዕግሥት ፍርዱን አስገኘ። ፍርዱን የሚያስፈጽም ግን አልነበረም፤ ነዳጅ ዘይት አልተከለከለም፣ የሱዌዝ ቦይም አልተዘጋም። ከዚያም በፊት እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ሲሉ፣ የተጎዳው መሣሪያ የሚሠራበት ፋብሪካ ያልነበረው ወገን ብቻ ነው።

ከዚህ የምናገኘው ፍሬ ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለትንኮሳ አለመመለስ ተንኳሹን ማመካኛ ያሳጣዋል እንጂ ጦሩን አይመልሰውም፤ ስለዚህ ትዕግሥት ከዝግጅት ተለይቶ ሊታሰብ አይገባም። ሁለተኛ፣ ታሪክ የምንማርና የምንጽፍ ሁሉ «ማን ቀድሞ ተኮሰ?» ከማለታችን በፊት «በማን መሬት?» ብለን እንጠይቅ። ሁለተኛውን ጥያቄ ዘለን የመጀመሪያውን ብቻ ከመለስን፣ የወሰን ገፊውን ክርክር ያለ ጥብቅና ዋጋ ተከራከርንለት ማለት ነው።