ደም ሲመለስ በማን ላይ ይመለሳል?

አማርኛችን ሰው ለሞተበት ቤት ሁለት ስሞች አዘጋጅቷል። አንዱ «ደመላሽ» ነው፤ ሌላው «ካሣ»። ደመላሽ የተባለው ሕፃን ገና ጡት ሳይጥል የሚፈላለገው ጠላት እንዳለ ይነገረዋል፤ ካሣ የተባለው ግን የጎደለውን እንዲሞላ ብቻ ይጠበቅበታል። ስለ በቀል የሚጻፍ አጭር ልብ ወለድ ሁሉ፣ ደራሲው ይወቀውም አይወቀው፣ ከእነዚህ ሁለት ስሞች አንዱን ለባለታሪኩ ያወጣል። የእኔ ጥያቄ ከስሙ አልፎ ይሄዳል። ደም ሲመለስ በማን ላይ ይመለሳል?

ጥያቄውን ያነሣሁት ስለ አስፈሪ አጭር ልብ ወለድ ለመነጋገር ነው። ዘርፉ በአማርኛ ገና ጎጆ አልወጣም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ታደሰ ሊበን «መስከረም»ን በ1949 ዓ.ም.፣ «ሌላው መንገድ»ን በ1952 ዓ.ም. ካሳተመ ወዲህ አጭር ልብ ወለዳችን ስለ ፍቅር፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ከተማ ኑሮ ብዙ ብሏል። ይልማ ሀብተየስን የመሳሰሉ ጸሐፊዎችም የወንጀል ልብ ወለድን አስለምደውናል። ማስፈራትን ግን በአመዛኙ ለአያቶቻችን ተረት፣ ለጅብና ለቡዳ ወሬ ትተነዋል።

አሁን አሁን ወጣቶች በዚህ ዘርፍ እጃቸውን ሲሞክሩ አያለሁ። የሚወዱት ጭብጥ በቀል ነው፤ የሚመርጡት መቼት ደግሞ ትንሽ ከተማ፣ ያውም ከተቻለ የምዕራቡ ቆላ። አሶሳ፣ ባምባሲ፣ ጉባ፣ ቡለን የሚሉ ስሞች ለሩቅ አንባቢ ገና ሲጠሩ ሙቀትና ጨለማ ይዘው የሚመጡ ይመስላቸዋል። ይህን ምርጫ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል በቀል ባለፉት ዓመታት የልብ ወለድ ጭብጥ ብቻ አልነበረምና።

ዘወትር የሚያጋጥመኝ ታሪክ እንዲህ ያለ ነው። አንድ ሰው በከተማው ሰዎች ይበደላል፤ ወንድሙ ይገደልበታል። ይሰደዳል። ከዓመታት በኋላ በሌሊት ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ሁሉ ገጀራ ነው። ሰዎቹ አንድ በአንድ ይወድቃሉ፤ የመጨረሻው ሲወድቅ ጎህ ይቀድዳል፤ ታሪኩም ያበቃል። አንባቢው ይፈራል ተብሎ ታስቧል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን አንባቢው ይረካል። አስፈሪ ታሪክ የሚያረካ ከሆነ ደግሞ ፉከራ ሆኗል ማለት ነው። ፉከራ የራሱ ክብር ያለው ጥበብ ነው፤ ነገር ግን የገዳይን ቁጥር ይቆጥራል እንጂ የሟችን ፊት አያይም።

የዚህ ዓይነቱ ታሪክ ሩቅ አያት አሜሪካዊው ኤድጋር አላን ፖ ነው። «የአሞንቲላዶው በርሜል» የተሰኘው አጭር ልብ ወለዱ በ1846 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። ሞንትሬሶር የተባለው ተራኪ ፎርቹናቶን በካርኒቫል ምሽት በወይን ጠጅ አባብሎ ከቤቱ ሥር ወዳለው የመቃብር ዋሻ ያወርደዋል። እዚያ በሰንሰለት ያስረውና ከነሕይወቱ ግንብ ይገነባበታል። ታሪኩ ሲጀምር ተራኪው ለበቀል ሁለት ሕግ ያወጣል። ተበቃዩ ራሱ መቀጣት የለበትም፤ ይህ አንደኛው ነው። ሁለተኛው፣ በዳዩ ማን እንደተበቀለው ማወቅ አለበት። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁለተኛውን ሕግ ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ፖ በደሉ ምን እንደነበረ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነግረንም። ተራኪው የሚያወራው ድርጊቱ ከተፈጸመ ሃምሳ ዓመት በኋላ ነው። ረክቶ ቢሆን ኖሮ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ድንጋይ ባልቆጠረ ነበር። ፍርሃታችን ከዚህ ይመነጫል። ግንቡ የታነጸው በሁለቱም ላይ ነው።

ከፖ ታሪክ አጠገብ ሌላ አንድ ታሪክ ላስቀምጥ። ሸርሊ ጃክሰን «ዕጣው»ን በኒው ዮርከር መጽሔት ያሳተመችው በሰኔ 1948 (እ.ኤ.አ.) ነው። ይህኛው የበቀል ታሪክ አይደለም። ሦስት መቶ ያህል ነዋሪ ያላት መንደር በአደባባይ ተሰብስባ ከጥቁር ሣጥን ወረቀት ታወጣለች፤ ጥቁር ነጥብ ያለበት ወረቀት የደረሰው ሰው ተወግሮ ይሞታል። ልጆች ድንጋዩን አስቀድመው ለቅመው ይከምራሉ። ቴሲ ሀቺንሰን ዕጣው ሲወጣባት የገዛ ትንሽ ልጇ እጅ ላይ ሳይቀር ጠጠር ይቀመጥለታል። ሴትዮዋ «ፍትሕ የለም» ብላ መጮኽ የጀመረችው ዕጣው በቤቷ ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከጎረቤቶቿ ጋር ስትሣሣቅ ነበር። ታሪኩ በወጣ ጊዜ መጽሔቱ በቁጣና በግራ መጋባት የተሞሉ በመቶ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ደረሱት።

በእኔ አስተያየት የቤንሻንጉል ጉሙዝ የቅርብ ዓመታት ሰቆቃ ያለው በእነዚህ በሁለቱ ታሪኮች መካከል ነው። ሲወራ የፖን ይመስላል፤ ሲፈጸም የጃክሰን ነው። አፉ «ደሜን መለስኩ» ይላል፤ እጁ ዕጣ ያወጣል።

እስቲ የሆነውን እናስታውስ። መስከረም 16 ቀን 2011 ዓ.ም. አራት የክልሉ ባለሥልጣናት ከስብሰባ ሲመለሱ በመንገድ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ በካማሺ ዞን በተነሣው ጥቃት የሞቱትና በአሥር ሺዎች የተፈናቀሉት ስለዚያ ስብሰባም ሆነ ስለዚያ መንገድ የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ከአባይ ወዲያ ማዶ ባለው በመተከል ዞንም፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር በዳንጉር ወረዳ በግለሰቦች ጠብ የተጫረ ግጭት የብዙ ሰው ሕይወት ቀጠፈ። ቀናት ሳይቆጠሩ ደግሞ በአጎራባቹ አማራ ክልል በጃዊ ወረዳ የሚኖሩ ጉሙዞች ተገደሉ። የጃዊዎቹ ሟቾች ዳንጉር ላይ ምን ሠርተው ነበር? ምንም። ወረቀቱ ግን ደረሳቸው።

የካቲት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በጉባ ወረዳ በመንገደኞችና በአጃቢዎቻቸው ላይ በተከፈተ ጥቃት ወታደሮችና ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ። በማግሥቱ በዚያው ወረዳ አይሲድ በተባለ ቀበሌ ተይዘው የነበሩ ሰዎች ተገደሉ፤ አንደኛው ከነሕይወቱ ተቃጠለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ ይፋ አድርጎታል፤ መንግሥትም ድርጊቱን አውግዟል። አገር ሁሉ ያወቀው ግን ከቆሙት አንዱ በስልኩ ባነሣው ቪዲዮ ነው።

አሁን ወደ ፖ ሁለተኛ ሕግ ልመለስ። ሞንትሬሶር የቱንም ያህል ጨካኝ ቢሆን ሰውየውን ያውቀዋል፤ ፎርቹናቶም የሚገድለውን ያውቃል። ከአውቶቡስ ተጎትቶ የወረደ መንገደኛ ግን ማንን እንደበደለ አያውቅም፤ የሚገድለውም ስሙን አይጠይቀውም። የሚጠይቀው ወገኑን ነው። እንግዲህ በበቀለኛው በራሱ ሚዛን እንኳ ብንመዝነው ይህ በቀል አይደለም። በቀል የሚል ስም የተሰጠው ዕጣ ነው። አስፈሪ ታሪክ የሚጽፍ ደራሲ ይህን ልዩነት ካላየ፣ የገዳዩን የምስክርነት ቃል እንደ ወረደ እየጻፈ ነው ማለት ነው።

ትንሽ ከተማ ለዚህ ነገር ለምን ተስማሚ መቼት እንደሆነ ብዙዎቹ ወጣቶች አልደረሱበትም። አሶሳን እንውሰድ። ማንጎዋ የተመሰገነ፣ ዙሪያዋ ቀርከሃ የሆነ ከተማ ናት። የዙምባራ ባለቤት የሆነው በርታ፣ ኦሮሞው፣ በ1970ዎቹ በሰፈራ ከወሎ የመጣው አማራ፣ ጉሙዙ፣ ማኦው፣ ከሱዳን የተሰደደው፣ ሁሉም በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። እዚህ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ከሰላምታ አይለይም። የወፍጮ ቤቱ ሰው፣ የባጃጁ ሾፌር፣ የሻይ ቤቷ እመቤት እያንዳንዱ ደንበኛ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያማርር ያውቃሉ። በሰላም ቀን ይህ እውቀት የጉርብትና ሀብት ነው፤ የታመመ የሚጠየቀው፣ ለቅሶ የሚደረሰው በእሱ ነው። በክፉ ቀን ግን ያው እውቀት ጥቁሩ ሣጥን ይሆናል። የትንሽ ከተማ አስፈሪነት ጥያቄው ሳይለወጥ ትርጉሙ መለወጡ ነው። ለዚህ ታሪክ ጨረቃም ጅብም አያስፈልገውም። አንዲት ሻይ ቀጂ ለዓመታት የምታውቀውን ደንበኛ «ለመሆኑ የማን ወገን ነበርክ?» ብላ ስትጠይቀው መስማት ይበቃል።

ከዚህ ይልቅ የሚቀለው መንገድ ጭራቅ መፍጠር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጭራቁ የቆላው ሰው ይሆናል፤ ቀስት የያዘ፣ የማይናገር፣ ከጫካ ብቅ የሚል ጥላ። የደጋው አገር ቀደም ሲል ለእነዚህ ሕዝቦች የስድብ ስም አውጥቶ፣ በባርነትም ሸጦ እንደነበር አንርሳ። ይህን ጥላ ሣይነካኩ በአጭር ልብ ወለድ ውስጥ ማቆም ዕጣውን ከሣጥን አውጥቶ ለአንባቢ ማደል ነው። አንባቢው ታሪኩን ሲጨርስ የሚፈራው ሰው አገኘ፤ የሚፈራውን ሰው ደግሞ ነገ በመናኸሪያ ያገኘዋል። አገሬው በባለ ቀስቱ ተራኪነት ቢጻፍ ኖሮ ጥላው ከየት በኩል ይመጣ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ዋናው የጥበብ ጥያቄ፣ ማን ያያል? የሚለው ነው። ጋብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው «አስቀድሞ የተነገረ ሞት ዜና መዋዕል» ውስጥ ሁለት መንታ ወንድማማቾች የእህታቸውን ክብር ለመመለስ ሰው እንደሚገድሉ ለከተማው ሁሉ ይናገራሉ። የሚያስቆማቸው የፈለጉ ይመስላሉ። ከተማው ይሰማል፤ እያንዳንዱም ሌላው ያስቆማቸዋል ብሎ ይተዋል። ማርኬዝ ቢላዋውን ብቻ ሳይሆን የሰሙትን ሰዎች ምክንያት አንድ በአንድ ይቆጥራል። የአይሲዱ ቪዲዮ ለደራሲ የሚያስተምረውም ይኸው ነው። በጣም የሚያስፈራው እሳቱ ብቻ አይደለም። ስልኩን የያዘው እጅ የቆመበት ስፍራ ነው። ያንን እሳት ከስልኩ ጀርባ ሆኖ የሚተርክ ደራሲ ከቆሙት አንዱ ሆኗል፤ እኛንም አብሮ አቁሞናል። ይህን አውቆ ካደረገው ትልቅ ሥራ ነው። ሳያውቅ ካደረገው ግን ቪዲዮውን መልሶ ማሠራጨት ነው።

«አንተ በምቾት ወንበርህ ላይ ሆነህ ትናገራለህ» የሚለኝ አይጠፋም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰው ተገድሏል። ከዚያ ለተረፈ ሰው «አትቆጣ፣ በልብ ወለድ እንኳ አትበቀል» ልለው ነውን? አይደለም። ቁጣው የእሱ ነው፤ ልብ ወለድም የቁጣ ማደሪያ ሆኖ ያውቃል። የምለው አንድ ነገር ነው። ባለታሪክህ ሊበቀል ከተነሣ በዳዩን ራሱን ይፈልግ። ስሙን ይወቅ፤ ቤቱን ያግኝ፤ ፊቱን ይይ። ይህን የሞከረ ጸሐፊ ታሪኩ ወዲያው ሲከብድበት ያየዋል። ትክክለኛው ሰው በቀላሉ አይገኝምና። ተሰውሯል፣ ሞቷል፣ ወይም ካዘዘው ሰው ጀርባ ሌላ አዛዥ አለ። በእጅ የሚገኘው የወፍጮ ቤቱ ሰው ብቻ ነው። አስፈሪው ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ፣ ገጀራው ተነሥቶ ትክክለኛው አንገት በሌለበት ቅጽበት ነው። የእኛ ጸሐፊዎች የሚዘሉት ደግሞ ይህችኑ ቅጽበት ነው።

የአገራችን ሲኒማ ይህን ከልብ ወለዳችን ቀድሞ አይቶታል። ሚሼል ፓፓታኪስ ያዘጋጀውና በ1966 ዓ.ም. የታየው «ጉማ» የተሰኘው ፊልም፣ ነፍስ ያጠፋ ሰው በሰንሰለት ታስሮ የደም ካሣ እየለመነ የሚዞርበትን ሥርዓት ያሳያል። ገዳዩ በየደጁ ሲቆም «ይህን ያደረግሁ እኔ ነኝ» እያለ ነው። ካሣውን ብዙ ሰው ያዋጣል፤ ጥፋቱ ግን አንድ ስም አለው። በቤንሻንጉል ጉሙዝም የጉሙዙ ማንጊማ፣ የሺናሻው ኔሞ የሚባሉ የዕርቅ ሥርዓቶች አሉ። ማን ማንን በደለ የሚለው ሳይነገር ዕርቅ እንደማይወርድ የትኛውም ሽማግሌ ያውቃል። ዕርቅ የዕጣ ተቃራኒ የሚሆነው በዚህ ነው። ዕጣ ስምን አጥፍቶ ወገንን ያወጣል፤ ዕርቅ ከወገን መካከል ስሙን ለይቶ ያወጣል።

ይህን ስል ታሪኮቻችን ሁሉ በሽማግሌዎች ምርቃት ይደምደሙ ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለውን መደምደሚያ በየስብሰባ አዳራሹ ድራማ ጠግበነዋል፤ እሱም እንደ ገጀራው ሁሉ አንባቢን በቶሎ አርክቶ ይሸኛል። ደራሲው የሚያስታርቀን እንዲሆን አልጠይቅም፤ እንዲያስፈራን እንጂ። ነገር ግን በትክክለኛው ነገር ያስፈራን። ተበቃዩ ከሌሊቱ ጉዞ ሲመለስ የገደለው ሰው ማን እንደነበረ ይነገረው፤ የሟቹ ቤትም አንድ ገጽ ይሰጠው። በዚያ ቤት ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት እናት ወንድ ልጅ ትወልዳለች፤ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ዘመዶችም ተቀምጠው ስም ይመርጡለታል።

ታሪኩ እዚያ ላይ፣ ስሙ ሳይጠራ ቢያበቃ እኔ እፈራለሁ።