ሐዲስን ለልጆቹ መልሱላቸው

ሦስት ሌሊት በቅጡ አልተኛሁም። መካነ ሰላም ዛሬ በጉም ተሸፍናለች፣ ዓይኔ ቀልቷል፣ የቀረበልኝ ቡና ሳልጠጣው ቀዝቅዟል። እኔ ግን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ክንዱን ይዤ «አንብበኸዋል?» ማለት ነው የሚያምረኝ። የሐዲስ ዓለማየሁን ‹ፍቅር እስከ መቃብር›! አዎ፣ ያንኑ ሁሉም የሚያውቀውን። እኔም የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ቅንጫቢውን በትምህርት ቤት አንብቤያለሁ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ጎረቤቱ ሥራ ፈትቶ ያዳምጥ እንደነበር አባቴ ሲያወራ ሰምቼ አድጌያለሁ። በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌል፣ ጉዱ ካሣ ስማቸው ከአፌ አይጠፋም። ለካ አንዳቸውንም አላውቃቸውም ኖሯል!

መጽሐፉን ያመጣችልኝ የአሥራ ስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ናት። ሽፋኑ ተገንጥሎ በአሮጌ ጋዜጣ የተለበደ ቅጂ እጄ ላይ አስቀምጣ «ጋሼ፣ ይቺን ያንብቧት፤ የኛ ነገር ናት» አለችኝ። የኛ ነገር? እኔ ለፈተና ያጠናሁት መልስ «የፊውዳሉን ሥርዓት ይተቻል» የሚል ነበር። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ለየትኛው ወጣት ልብ ይገባል?

ልጅቷ የገባት ሌላ ነው። የበዛብህ ወላጆች ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ በስተርጅና ያገኙት ልጅ እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት ይሳላሉ። በዛብህ ገና አፉን ሳይፈታ ዕድሜ ልኩ ተወስኖ አለቀ! ሰብለም እንደዚያው፤ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን አማች ሲያማርጡ የእሷ ዕድሜ ይነጉዳል። ሁለቱም ወላጆቻቸውን ይወዳሉ፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። እና በዛብህ ሊያስተምራት ቤቷ ሲገባ፣ አስተማሪና ተማሪ ሆነው ፊት ለፊት ሲቀመጡ፣ መናገር ያልተፈቀደላቸው ነገር በመሃላቸው ሲያድግ... እዚያ ላይ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ መተንፈስ ነበረብኝ። ዛሬስ ስለት ቀርቷል? ስንቱ ቤት ነው ልጁን ገና ፊደል ሳይቆጥር ለሕክምና ሙያ የተሳለው!

አንድ ነገር ላሳያችሁ። በዚያ ቅጂ ላይ ጉዱ ካሣ በሚናገርባቸው ገጾች ሁለት ዓይነት መስመር አለ። አንዱ የደበዘዘ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ማን እንዳሰመረው የማይታወቅ፤ ሌላው የእህቴ ልጅ እርሳስ። በዕድሜ የማይገናኙ ሁለት አንባቢዎች፣ ያው አንድ ዓረፍተ ነገር! እውነት በመናገሩ እብድ የተባለ ሰው የማያውቅ ወጣት የለማ። አንዳንዱም ራሱ ጉዱ ካሣ ነው።

ደግሞ ቅርበቱ! ከወረዳችን ከቦረና ምዕራባዊ ጫፍ ቆሞ ዓባይን ቁልቁል ላየ፣ ማዶው ጎጃም ነው። መርጡለ ማርያም ከወዲያ ማዶ ናት፤ ታሪኩ በአብዛኛው የሚፈጸምበት ዲማ ጊዮርጊስም ምሥራቅ ጎጃም ነው። እኛም ሳይንት ላይ ተድባበ ማርያም አለችን፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል የቆሎ ተማሪ አይተን ነው ያደግነው። ስለዚህ በዛብህን በምናብ መፍጠር አላስፈለገኝም። በራችን ላይ ቆሞ ያውቃል።

ይህን የጻፉት ሰው ደግሞ! ሐዲስ ዓለማየሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው፣ ከራስ እምሩ ጋር ጣሊያንን ተዋግተው ተማርከዋል፤ ጣሊያን አገር በደሴት እስር ቤት ዓመታት ቆጥረዋል። በ1948 ተረት ጽፈው ‹ተረት ተረት የመሠረት› ብለው አሳትመዋል። ‹ፍቅር እስከ መቃብር› በ1958 ሲወጣ ሃምሳን ያለፉ፣ ለንደን ድረስ አምባሳደር ሆነው የሠሩ ሰው ነበሩ። በዚያ ዕድሜና በዚያ ማዕረግ ላይ ሆኖ ልጅቷን አይቶ ቃል የሚጠፋበትን ጎረምሳ ልብ እንዲህ አድርጎ ማስታወስ እንዴት ይቻላል? ለእኔ እሳቸው ከሁሉ በፊት የወጣቶች ደራሲ ናቸው። እኛ ትልልቆቹ ሐውልት አድርገን መደርደሪያ ላይ ሰቀልናቸው እንጂ።

መጨረሻውን አልናገርም፤ ስሙን የሰማ ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል፣ ሲደርስበት ግን እንደ አዲስ ያለቅሳል። ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ መንገድ ስትጀምር ኩራዙን ለኩሼ እስኪነጋ አብሬያት ሄድኩ። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ግድም አልሰጠኝ።

እባካችሁ፣ ቤታችሁ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ካለ፣ ከ500 ገጽ በላይ ነው ብላችሁ አታስፈራሩት፣ ለፈተና ይጠቅምሃልም አትበሉት። ሽፋኑ የተገነጠለም ቢሆን ዛሬ ማታ እጁ ላይ አስቀምጡለት፤ እርሳስም ጨምሩለት።