ሰፈርተኛው የገዛው መጠጥ ቤት

በደቡብ ለንደን፣ ነንኸድ በተባለ ሰፈር፣ አይቪ ሀውስ የሚሉት አሮጌ መጠጥ ቤት አለ። በ1930ዎቹ የታነጸ ነው፤ የውስጥ ግድግዳው በእንጨት የተለበጠ፣ በ1970ዎቹም ኢያን ዱሪን የመሳሰሉ ሙዚቀኞች የተጫወቱበት። በ2012 እ.ኤ.አ. ቤቱ ተዘግቶ ሊሸጥ ሲል ጎረቤቶቹ ቁጭ ብለው አላዘኑም። መጀመሪያ በቅርስነት አስመዘገቡት። ቀጥሎ አዲስ በወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ «የማኅበረሰብ ሀብት» አሰኙት፤ በመላ እንግሊዝ የመጀመሪያው ነበር። ሕጉ ያኔ የሚሰጠው ትልቅ ነገር ጊዜ ነበር፦ ነዋሪው ገንዘብ እስኪያሰባስብ ሽያጩ እስከ ስድስት ወር ይታገድ ነበር። ባለቤቱ ለእነርሱ እንዲሸጥ ግን አያስገድድም ነበር፤ ስለዚህ መሮጥ ነበረባቸው፣ ሮጡም። ብድር ፈልገው በ2013 ቤቱን ገዙ፤ 371 ሰዎችም አክሲዮን ገዝተው ባለቤት ሆኑ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ የድምፁ ነገር ነው። ብዙ ያዋጣውም ጥቂት ያዋጣውም በስብሰባ ላይ ያለው ድምፅ አንድ ብቻ ነው። ቅርስን ከአፍራሽ እጅ ማውጣት አንድ ሀብታምም ይችል ይሆናል፤ ቤቱን እንዲህ የሁሉም ማድረግ የሚችለው ግን ሰፈርተኛው ራሱ ነው።